ሁለተኛው ዝርዝር

እህቴ አንዲት ደብተር አለቻት። ትንሽ ናት፣ ሽፋኗ የተላላጠ፣ ለሌላ ጉዳይ የተገዛች። ከመሃል ገጿ ጀምሮ ቁልቁል አንድ ዝርዝር ተጽፎባታል። የቀለም ሽታ፣ ሦስተኛ ወር። ትኩሳት፣ ሁለት ሌሊት። ለራስ ምታት የዋጥኩት ኪኒን። ደረጃ ላይ የተንሸራተትኩ ቀን። ስልኬን ሆዴ ላይ አድርጌ የተኛሁባቸው ሌሊቶች። ከባሌ ጋር የተኳረፍንበት ሳምንት። ክትባት። ከሁሉም በታች በስክሪብቶ ተደጋግሞ የተሰረዘ መስመር አለ። የሰረዘችው እንዳይነበብ ነው፤ ግን ይነበባል። "መጀመሪያ ላይ አልፈለግኩትም ነበር" ይላል።

ዝርዝሩን የጀመረችው ልጇ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገራት ሰሞን ነው። ጻፊ ያላት የለም። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲላት ትነሳና አንድ መስመር ትጨምራለች። እኔ ያየሁት በአጋጣሚ ነው፤ የሐኪም ቤት ካርዱን ከቦርሳዬ አምጪልኝ ስትለኝ። ምንም አላልኳትም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ተከሳሿም መርማሪዋም እሷው ነበረች። ምስክር ደግሞ የለም።

በእኛ በኩል የለም

እሷ ራሷን ስትመረምር ዘመድ አዝማዱ የራሱን ምርመራ ይዟል። አማቷ "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ አያውቅም" አሉ። እናቴም አላሳለፈቻቸውም፤ "በእኛም" አለች። "ዘር ከልጓም ይስባል" የሚለውን ተረት ያመጡት አጎታችን ናቸው። የትኛውን ወገን ለመንካት እንደተናገሩት እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ለእሳቸውም አልገባቸው ይሆናል።

እህቴ ያደረገችውን ነገር ሁሉ ትከሳለች። ዘመዶቿ ደሙን ይከሳሉ። አንዱ አካባቢ ነው ይላል፣ ሌላው ዘር ነው ይላል፤ ሁለቱም ግን የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። በማን በኩል ገባ?

ይህ ጥያቄ በተለይ ለእናቶች ክፉ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሊዮ ካነር የሚባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 የ11 ልጆችን ሁኔታ መዝግቦ ኦቲዝምን ሲገልጽ፣ ልጆቹ ይዘውት የተወለዱት ነገር እንደሆነ ገምቶ ነበር። በዚያው ጽሑፍ ግን አብዛኞቹ ወላጆች ለልጆቻቸው ሞቅ ያለ ስሜት እንደማያሳዩም ጠቀሰ። ሌሎች ይቺኛዋን ይዘው ሮጡ። እንደ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘች እናት ልጇን ኦቲስቲክ ታደርጋለች ተባለ። ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሰው በ1967 ይህንኑ በመጽሐፍ አስፋፍቶ ብዙ ሰው ዘንድ አደረሰው። ካነር ራሱ በ1969 የወላጆች ስብሰባ ላይ ቆሞ እናንተ ጥፋት የለባችሁም እስከማለት ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ስንት እናት አንገቷን ደፍታ እንደኖረች ማን ቆጠረ?

እህቴ ቤተልሃይምን አታውቀውም። ሐሳቡ ግን እሷ ዘንድ ደርሷል። የተሰረዘችው መስመር ከዚያ የመጣች ናት።

ለእሷስ ጽፈሻል?

ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ልጁ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ይስባል፣ ይዘጋል፣ ይስባል፣ ይዘጋል። ምንም አላሉትም። እህቴ ደብተሯን አውጥታ ፊታቸው ዘረጋችው።

"የትኛው ነው?" አለቻቸው። እንዲሁ፣ ያለ ምንም መግቢያ።

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የተሰረዘውንም ሳያነቡት አልቀሩም፤ ጣታቸው እዚያ ስትደርስ ትንሽ ቆም ብላለች። ስለ አንዱም መስመር አልተናገሩም። ቀና ብለው "ሌላ ልጅ አለሽ?" አሏት።

"አዎ። ሴት ልጅ አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው።"

"እሷስ?"

"እሷ ምንም የለባትም።"

"ለእሷስ እንዲህ ጽፈሻል?"

እህቴ ዝም አለች። ለምን ትጽፋለች? ምንም ያልሆነች ልጅ ምን መዝገብ ያስፈልጋታል? ሐኪሟም አላብራሩም፤ ወደ ልጁ ዞረው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ጥያቄያቸው ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እህቴ ደብተሩን ገልብጣ ከኋለኛው ገጽ ጀመረች። የሴት ልጇ ዝርዝር። መጀመሪያ ምንም አልመጣላትም። "የእሷ እርግዝና ቀላል ነበር" አለች። ባሏ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ "ቀላል? ሆስፒታል ያደርሽበትስ?" አላት።

"ውይ!" አለች። ጻፈች። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ አድሬያለሁ። ከዚያ በኋላ ነገር ነገርን እያነሳ ቀጠለ። የጥርስ ሕመም፣ ለሳምንት ያህል ኪኒን በላይ በላዩ። ቤት የቀየርንበት ወር፣ ሳጥን ተሸክሜያለሁ። አዲሱ ቤት የተቀባው እኛ ልንገባ ሲል ነበር፤ እንደገና ቀለም። መሥሪያ ቤት ከአለቃዬ ጋር የተጨቃጨቅኩበት ጊዜ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩበት። ስልኩማ ያው ነው፣ መቼ ከእጄ ይለያል። ክትባቱም ያው፣ በወቅቱ። ገጹ ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ተሻገረ። ከወንዱ ልጅ ዝርዝር ረዘመ።

ከዚያ ስክሪብቶውን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። "እሷንም እኮ ሳላስበው ነው ያረገዝኳት" አለች። ጻፈችው። አልሰረዘችውም።

ባሏ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ደብተሩን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እስከዚያ ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር የሚያድረው።

የአንድ ቤት ሁለት ልጆች በሳይንስ ዓይን ምንም አያረጋግጡም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ሐኪሟ የነኩት ተመራማሪዎችን ለዘመናት ያስቸገረ ቦታ ነው። አንዲት እናት ልጇ ላይ አንድ ነገር ከታየ በኋላ "በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ገጥሞሽ ነበር?" ብትባል ትዝታዋን ፈልፍላ ታወጣለች። ልጇ ምንም ያልሆነባት እናት "ኧረ ምንም" ብላ ታልፋለች። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው፣ ትኩሳት ኦቲዝም የሚያመጣ፣ ቀለም ኦቲዝም የሚያመጣ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ከማስታወስ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ጥናቶች ልጁ ከመወለዱ በፊት የተጻፈ መዝገብ የሚፈልጉት።

ሌላው ዘዴ እህቴ ማታ ላይ ሳታውቀው የሠራችው ነው፤ ወንድምን ከእህት ጋር ማወዳደር። እናታቸው አንድ ናት፣ ቤታቸው አንድ ነው፣ በጂንም ይቀራረባሉ። ከዝርዝሯ ውስጥ ኪኒኑን እንውሰድ። ፓራሲታሞል ነው። በ2024 የስዊድን ተመራማሪዎች ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን መዝገብ አዩ። በጅምላ ሲታይ እናታቸው በእርግዝና ጊዜ ፓራሲታሞል የወሰደች ልጆች ላይ ኦቲዝም በጥቂቱ በዝቶ ታየ። ወንድምና እህትን ሲያወዳድሩ ግን ያቺ ትንሽ ልዩነት ጠፋች። ስለዚህ መጀመሪያ የታየው ልዩነት ከኪኒኑ ሳይሆን ከቤተሰቡ የመጣ ይመስላል። ኪኒን የሚያስውጠው ሕመም ራሱ፣ እናትየው የተሸከመችው ጂን፣ ሌላም ሌላም።

80 በመቶ የማን?

እህቴ አንዱን መስመር ከሰረዘች በኋላ ወደ ሌላው መዞሯ አልቀረም። "እሺ፣ ካደረግኩት ነገር ካልሆነ ከደሜ ነው ማለት ነው" አለችኝ። በቃ፣ ክሱ ክፍል ቀየረ እንጂ ተከሳሿ ያችው ናት። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ይሄኔ ነው።

የጂኑ ወሬ በደንብ የተጀመረው በመንትዮች ነው። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እንግሊዝ ውስጥ ቢያንስ አንዳቸው ኦቲዝም ያለባቸውን 21 ጥንድ መንትዮች አጠኑ። ከአንድ እንቁላል ከወጡት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከሁለት እንቁላል ከወጡት 10 ጥንዶች ግን አንድም እንዲህ ያለ ጥንድ አልተገኘም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የእናት ቅዝቃዜ ለሚለው ወሬ ግን ከባድ ምት ነበር። እናት መንታዎቿ ከአንድ እንቁላል ስለወጡ ቀዝቅዛ፣ ከሁለት ስለወጡ አትሞቅም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹ ብዙ ናቸው። በ2019 በዴንማርክ፣ በፊንላንድ፣ በስዊድን፣ በእስራኤልና በምዕራብ አውስትራሊያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ያየ ጥናት የጂኑን ድርሻ ወደ 80 በመቶ አደረሰው። በእናትየው ማህፀንና ሁኔታ ልዩ ተጽዕኖ የሚመጣው ድርሻ ደግሞ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ይህንን ለእህቴ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩላት።

ግን 80 በመቶ የምን 80 በመቶ ነው? እኔን ያሰረኝ እዚህ ላይ ነው። በ2011 በካሊፎርኒያ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት የጂኑን ድርሻ ከ40 በመቶ በታች ነበር ያደረገው። የስዊድኖቹ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በ2014 50 በመቶ ብለው አወጡ። በ2017 ያንኑ መረጃ በሌላ የስሌት መንገድ እንደገና ሲያሰሉት 83 በመቶ ሆነ። ልጆቹ ያው፣ መዝገቡ ያው። ይህ ማለት ሳይንሱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ አንድ ልጅ ውስጥ ገብቶ የተመዘነ ነገር ስላልሆነ ነው። የሚለካው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሰው ከሰው ለሚለያይበት ልዩነት ጂን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ነው። ሕዝቡ ሲለወጥ፣ ኑሮው ሲለወጥ፣ ስሌቱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

ለእህቴ ያስረዳኋት በብርድ ልብስ ነው። እኔና አንቺ ያጠብነውን ብርድ ልብስ ከግራና ከቀኝ ይዘን ስንጨምቅ ከሚወርደው ውሃ ስንቱ ያንቺ፣ ስንቱ የእኔ ነው? ማናችንም ብንለቅ አንዲት ጠብታ አትወርድም። "እንግዲያው ለምን ይለኩታል?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የት መፈለግ እንዳለባቸው ለማወቅ ይጠቅማቸዋል። የእሷን ልጅ ግን አስር ቦታ ቆርሶ ስምንቱን ለጂን፣ ሁለቱን ለእሷ የሚሰጥ ስሌት የለም። የቀረው 20 በመቶም ቢሆን ቤትና አስተዳደግ ማለት አይደለም። ጽንስ ሲያድግ ያለ ምክንያት የሚያጋጥም ዕድል፣ የመለኪያ ስህተት ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይታጨቃል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ለዘመዶቼ ማንበብ የፈለግኩት ግን የአይስላንዱን ነው። ከጂን መጣ ማለት ከወላጅ ተወረሰ ማለት የግድ አይደለም። እያንዳንዳችን ስንጸነስ እናታችንም አባታችንም በገላቸው የሌሏቸው በርካታ አዳዲስ የዘር ለውጦችን ይዘን እንጀምራለን። በ2012 የአይስላንድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አብዛኞቹ ከአባት የዘር ፍሬ የሚመጡ ናቸው፤ አባትየው አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥርም ወደ ሁለት ገደማ ይጨምራሉ። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ለአንጎል እድገት ወሳኝ የሆነ ጂን ላይ ትወድቃለች። በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 እንዲህ ያሉ ጂኖችን ለይቷል። እንግዲህ "በእኛ ዘር የለም" የሚሉት ሁለቱም አያቶች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ነገሩ የጀመረው ልጁ ላይ ሊሆን ይችላልና።

ሌላውና ሰፊው መንገድ ደግሞ የማይታየው ነው። ሁላችንም የያዝናቸው፣ እያንዳንዳቸው ኢምንት የሆኑ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልዩነቶች አሉ። ከአባት ትንሽ፣ ከእናት ትንሽ ሆነው አንድ ልጅ ላይ ሲከማቹ ሚዛኑን ሊያዘነብሉ ይችላሉ። ይህንን ሳወራ የእህቴ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። "እኔም እኮ አራት ዓመት እስኪሞላኝ አልተናገርኩም ይላሉ" አለ። እናቱ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ ነበር!

ከዝርዝሩ ላይ የሌሉት

አካባቢ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። የሚገርመው በጥናት በደንብ የተያዙት ነገሮች እህቴ ደብተር ላይ የሉም። አንዱ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት የሚባል መድኃኒት ነው። በ2013 የወጣ የዴንማርክ ጥናት እናታቸው በእርግዝና ጊዜ ይህን ከወሰደች ልጆች 4.4 በመቶ ገደማው ላይ ኦቲዝም አገኘ፤ በጠቅላላው ሕፃናት ላይ ግን 1.5 በመቶ ገደማ ነበር። (ይህን ያነበበች እናት መድኃኒቱን በራሷ እንዳታቆም፤ የሚጥል በሽታው ራሱ ሊገድል ይችላል። ሐኪሟን ታማክር።) ሌላው ኩፍኝ መሰሉ ሩቤላ ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ስቴላ ቼስ የተባለች ሐኪም በማህፀን ሳሉ ሩቤላ የነካቸውን 243 ልጆች ስትከታተል ኦቲዝምን ከተለመደው እጅግ በዝቶ አገኘችው። ሦስተኛው ታሊዶማይድ ነው፤ በአንድ ወቅት ለእርጉዞች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረ መድኃኒት። በ1994 የስዊድን ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያገኙባቸው የታሊዶማይድ ተጎጂዎች መድኃኒቱ የነካቸው ከጽንስ በኋላ በ20ኛውና በ24ኛው ቀን መካከል ነበር። ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ በማታውቅበት ጊዜ! ያለጊዜው እጅግ ቀድሞ መወለድም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ክትባቱስ? በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝን፣ የጆሮ ደግፍንና የሩቤላን ጥምር ክትባት የሚያስጠረጥር ጽሑፍ አወጣ። በ2010 ጽሑፉ ተሰረዘ፣ ሰውየውም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። በ2019 ዴንማርኮች 657,461 ልጆችን አይተው ምንም ግንኙነት አላገኙም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ሆነ እንጂ፣ ክትባቱ እኮ የሚከላከለው ሩቤላን ነው። ኦቲዝምን ያመጣል ተብሎ የተከሰሰው ነገር፣ ከሚታወቁት ጥቂት ምክንያቶች አንዱን የሚያስቀር ሆኖ ተገኘ።

"ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ዘመኑ ነው" የሚሉኝም አሉ። አሜሪካኖቹ በ2000 ከ150 ልጆች አንዱ ያሉት በ2022 ከ31 አንዱ ደርሷል። ጂን በዚህ ፍጥነት አይለወጥም፤ እውነት ነው። ግን መስፈርቱ ሰፍቷል፣ መዝጋቢው በዝቷል። በዴንማርክ ከታየው ጭማሪ 60 በመቶው በመስፈርትና በአመዘጋገብ ለውጥ ብቻ እንደሚገለጽ አንድ የ2015 ጥናት አሳይቷል። የቀረው ከየት እንደመጣ አሁንም ይከራከሩበታል፤ ይከራከሩ።

ጂን ነው ማለትም የማይነካ ዕጣ ነው ማለት አይደለም። ፒኬዩ የሚባል በሽታ አለ፤ ፍጹም የዘር ነው። ሕፃኑ ሳይታከም ከቆየ አንጎሉ ይጎዳል፣ አንዳንዱ ላይ የኦቲዝም ምልክት ሳይቀር ይታያል። ገና እንደተወለደ ተለይቶ ምግቡ ከተስተካከለለት ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል። ለኦቲዝም እንዲህ ያለ ቁልፍ አልተገኘም፣ ይገኛል ብዬም አልምልም። ግን ዘርና አካባቢ ሁለት ተቃራኒ ቡድኖች አይደሉም።

ውጤቱ

የልጁ የጂን ምርመራ ውጤት መጣ። ምንም የተገኘ ነገር የለም ይላል። አማቷ ይህን ሲሰሙ "አላልኩም?" አሉ። እንዲያ አይደለም። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ እነዚያ ኢምንት ልዩነቶች በዚህ ምርመራ ነጥረው አይወጡም። አብዛኞቹ ልጆች ላይም መልሱ እንዲሁ ነው። ምርመራው አንድ ነገር ሲያገኝ ግን ይጠቅማል። ለምሳሌ ቱበረስ ስክሌሮሲስ የሚባለው፣ በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ላይ እባጭ የሚያበቅለው የዘር በሽታ ከሆነ ለሚጥል በሽታው፣ ለኩላሊቱና ለልቡ ክትትል ይጀመርለታል። በምርመራው የተደበቀ ነገር እንዳለ ወይ እንደሌለ ማወቁ ለዚህ ነው እንጂ ጥፋተኛ ለመለየት አይደለም።

ሐኪሟ ለሌላ ነገርም ጠሯቸው። ሦስተኛ ልጅ ያስባሉ። በ2024 የወጣው የወንድምና እህት ጥናት እንደሚለው ኦቲዝም ካለበት ልጅ በኋላ ከሚወለዱት ከ5ቱ አንዱ ገደማ ኦቲዝም ይኖረዋል። ወንድ ከሆነ ከ4 አንድ ገደማ፣ ሴት ከሆነች 13 በመቶ ገደማ። በመንገድ ላይ ሁለቱም ሲያሰሉ ሰማኋቸው። ከአምስቱ እሱ ደህናዎቹን አራቱን ይቆጥራል፣ እሷ አንዱን። "አንዱ ቢሆንስ?" አለችው። "አንዱማ ቤት አለ፣ እናውቀዋለን" አላት። አሁንም አልተስማሙም።